አሁን የምትሰሙትን ክላሲካል ቀረጻ ለወዳጅ ማካፈል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አድማጮች ዝርዝር መመሪያ

«ዛሬ ቤትሆቨንን እየሰማሁ ነው፣ ግሩም ነው!» የሚል መልእክት ቴሌግራም ላይ ሲመጣ ተቀባዩ የልብ ምልክት ከማስቀመጥ ሌላ ምንም ሊያደርግበት አይችልም። የትኛውን ድርሰት? ማን የተጫወተውን? መቼ የተቀረጸውን? ዘፈን ሲሆን የድምፃዊው ስምና የዘፈኑ ርዕስ ከተነገረ ነገሩ አለቀ። በክላሲካል ሙዚቃ ግን ድርሰቱ አንድ ነገር ነው፣ ቀረጻው ሌላ ነገር ነው። የቤትሆቨን አምስተኛው ሲምፎኒ አንድ ነው፤ ቀረጻዎቹ ግን እጅግ ብዙ ናቸው፤ ፍጥነታቸው፣ የአዳራሻቸው ድምፅ፣ የመሣሪያዎቻቸው ሚዛን አይገናኝም። ስለዚህ ማካፈል ማለት ወዳጃችሁ እናንተ የሰማችሁትን ያንኑ ቀረጻ አግኝቶ፣ ደስ ያሰኛችሁን ያንኑ ቦታ መስማት እንዲችል ማድረግ ነው።

ማስታወሻው የሚይዘው

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የደራሲው ስም፣ የድርሰቱ ዓይነትና ቁጥር፣ የኦፐስ (የሥራ ተራ ቁጥር) ወይም የካታሎግ (የሥራዎቹ መዝገብ) ቁጥሩ። ከዚያ ተጫዋቾቹ፦ ብቸኛ ተጫዋች ካለ እሱ፣ ቀጥሎ ኦርኬስትራው፣ ቀጥሎ የኦርኬስትራው መሪ። ከዚያ የተቀረጸበት ከተማና ዓመት፣ በታዳሚ ፊት ይሁን ያለ ታዳሚ፣ ያሳተመው ድርጅት፣ ጠቅላላ ርዝመቱ። በመጨረሻም የራሳችሁ ሁለት መስመር፦ በምን እንደሰማችሁትና ጆሮ ሊሰጠው የሚገባው ቦታ የቱ እንደሆነ። ለምሳሌ፦

«ቤትሆቨን፣ ሲምፎኒ ቁጥር 5፣ ኦፐስ 67። ቪየና ፊልሃርሞኒክ፣ መሪ ካርሎስ ክላይበር። ቪየና፣ 1974 እ.ኤ.አ.፣ ያለ ታዳሚ። ዶይቸ ግራሞፎን። ወደ 33 ደቂቃ። በኤርፎን ነው የሰማሁት። ሦስተኛው ክፍል ሊያልቅ ሲል ባለአውታሮቹ ድምፃቸውን አሳንሰው ይቆያሉ፣ ከሥራቸው ቲምፓኒው (የኦርኬስትራው ትልቁ ከበሮ) በቀስታ ይመታል። እዚያ ጋ ድምፁን እንዳትጨምሩ፤ ሳያቋርጥ ወደ አራተኛው ክፍል ይፈነዳል። ትሮምቦኖቹ በዚህ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ያኔ ነው።»

ቦታ ካጠረባችሁ አሳታሚውን ጣሉት፤ መሪውንና ዓመቱን ግን በፍጹም አትጣሉ። መሪው ብቻውን አይበቃም። ሄርበርት ፎን ካራያን የቤትሆቨንን ዘጠኙንም ሲምፎኒዎች በ1950ዎቹ ከለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ጋር፣ ከዚያም ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1960ዎቹ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ደጋግሞ ቀርጿቸዋል። «የካራያን ዘጠነኛ» ብሎ የላከ ሰው የትኛውን እንደሰማ አልተናገረም። ከዚህም የጎላው የፒያኒስቱ የግሌን ጉልድ ምሳሌ ነው። የባኽን ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ በ1955 ሲቀርጸው ሙሉው ወደ 38 ደቂቃ ተኩል ነበር፣ በ1981 ሲደግመው ወደ 51 ደቂቃ ሆነ። መክፈቻው ዜማ ብቻውን በመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ በሁለተኛው ከሦስት ደቂቃ ያልፋል። ፒያኒስቱ ያው ነው፣ ድርሰቱም ያው ነው፤ ሁለቱን ያደመጠ ሰው ግን አንድ ነገር ሰማሁ አይልም።

ዓመት ስትጽፉ «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ። ያለሱ 1974ን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ አለ፤ ያ ደግሞ የፈረንጆቹ 1981 እና 82 ስለሚሆን፣ አንድ ሙዚቀኛ ደጋግሞ በቀረጸው ድርሰት ላይ ሰውን ወደ ሌላ ቀረጻ ይወስዳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የቀረጻ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ስለ ርዝመት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ረጅም ቀረጻ ሁሉ ዝግ ያለ አይደለም። ደራሲው «ይህን ክፍል ድገሙት» ብሎ የጻፈውን የሚደግሙ አሉ፣ የማይደግሙም አሉ። ጉልድ በ1955 ድግሞሹን ሁሉ ዘልሎታል፣ በ1981 ከፊሉን ደግሟል፤ ስለዚህ የ12 ደቂቃው ልዩነት በሙሉ የፍጥነት አይደለም። ሁለት ቀረጻዎችን በፍጥነት ስታወዳድሩ የመጀመሪያውን ዜማ ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ድግሞሽ ድረስ በሰከንድ ለኩት። የጠቅላላ ርዝመት ንጽጽር ብዙ ሰው አሳስቷል።

ዓመቱንና ተጫዋቹን ከየት ማግኘት ይቻላል

የሲዲው ቡክሌት ካለ ከጀርባው ወይም ከመጨረሻው ገጽ የቀረጻው ቦታና ቀን ይገኛል። ዩቲዩብ ላይ ሲሆን አሳታሚዎቹ ራሳቸው የሚያስገቧቸው ቀረጻዎች የአልበሙን ሥዕል ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ መግለጫውን ስትከፍቱት የደራሲው፣ የተጫዋቾቹና የመሪው ስም ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ። ከዚያው በክብ ውስጥ ያለ የ«ፒ» ፊደልና አጠገቡ ዓመት ይኖራል። ያ ዓመት የድምፅ ቅጂው የታተመበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከተቀረጸበት ዓመት በአንድ ወይም በሁለት ይዘገያል። ከሥሩ «የተለቀቀበት» ተብሎ የሚጻፈው ቀን ግን ብዙ ጊዜ የድጋሚ ኅትመቱ ነውና አትመኑት። በ1930ዎቹ የተቀረጸ ሙዚቃ «2003» ተብሎ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ግለሰቦች የጫኑት ቪዲዮ ሲሆን የበለጠ ተጠንቀቁ። የተሳሳተ መሪ ስም የተጻፈበት ብዙ ነው። ማረጋገጫው ርዝመቱን ከአሳታሚው ቅጂ ጋር ክፍል በክፍል ማስተያየት ነው፤ አራቱም ክፍሎች በሰከንዶች ልዩነት ከገጠሙ ያው ቀረጻ ነው ማለት ይቻላል።

የካታሎግ ቁጥርን ውደዱት

የድርሰት ስም ከቋንቋ ቋንቋ ይለዋወጣል፣ ቁጥር ግን አይለወጥም። የባኽ ሥራዎች በ«ቢደብሊውቪ» (BWV)፣ የሞዛርት በ«ኬ» (K)፣ የሹበርት በ«ዲ» (D)፣ የቪቫልዲ በ«አርቪ» (RV) ቁጥር ይታወቃሉ። በተለይ የሙዚቃ ቁልፍ ስም ስትጽፉ ይህ ቁጥር ያድናችኋል። በድሬ በፈረንሳይኛ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብሎ የተማረ ሰው «ሲ ማይነር» ሲባል የሚገባው ሰባተኛው ድምፅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ለተማረው ግን «ሲ» ማለት «ዶ» ነው። በፈረንሳይኛው «ሲ ማይነር»፣ በእንግሊዝኛው «ቢ ማይነር» የሚባለውን የባኽን ታላቁን ሚሳ (የቅዳሴ ሙዚቃ) «ቢደብሊውቪ 232» ብላችሁ ከጻፋችሁ ክርክሩ አይነሳም። ቪቫልዲም ላይ እንዲሁ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮንቼርቶዎች ስላሉት «የቪቫልዲ የቫዮሊን ኮንቼርቶ» ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። «አርቪ 297» ሲባል ግን ከአራቱ ወቅቶች ክረምቱ መሆኑ ይታወቃል።

ማስታወሻው በአማርኛ ይሁን፤ የደራሲውንና የመሪውን ስም ግን ከሥር በላቲን ፊደልም ጨምሩበት። ወዳጃችሁ ፍለጋ ውስጥ ገልብጦ የሚለጥፈው እሱን ነው። «ድቮርዣክ»ን በአማርኛ ጽፎ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው የሚያገኘው።

ሊንክ ወይስ ፋይል?

ሊንክ ቀላል ነው፣ ሕጋዊም ነው። ሆኖም ዳታ ይበላል፣ ኔትወርክ በደከመበት ሰዓት ሙዚቃውን ከመሃል ይቆርጠዋል። ፋይል አንድ ጊዜ ወርዶ ደጋግሞ ይሰማል። ከመላካችሁ በፊት መጠኑን አስሉ፦ ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት በሰከንድ ለአንድ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ320 ደግሞ 2.4 ሜጋባይት። ከሲዲ የተወሰደ ፍላክ (FLAC፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት) እንደ ሙዚቃው ቢለያይም በደቂቃ 5 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል። የ33 ደቂቃ ሲምፎኒ እንግዲህ 32፣ 79 ወይም ወደ 165 ሜጋባይት ይሆናል።

ለብቸኛ ፒያኖ 192 በቂ ነው። ለኦርኬስትራና ለሃርፕሲኮርድ (ፒያኖን የሚመስል ጥንታዊ መሣሪያ) ግን ከ256 በታች አትውረዱ። በ128 የሚጎዳው ላይኛው ድምፅ ነው፤ የጸናጽሉ፣ የሃርፕሲኮርዱና የጭብጨባው ድምፅ ውኃ የሚንሿሿ ይመስላል። 128ን ወደ 320 መቀየር ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር የጠፋውን አይመልስም። ከፍላክ ወይም ከሲዲው ራሱ ነው መነሳት ያለባችሁ።

በቴሌግራም ስትልኩ የድምፅ ፋይሉን በፋይልነቱ ላኩት፤ ያኔ ጥራቱ ሳይነካ ይደርሳል። ማይክሮፎኑን ተጭኖ ከስፒከር የሚጫወተውን ሙዚቃ እንደ ድምፅ መልእክት መቅዳት ግን ሙዚቃውን መግደል ነው። የድምፅ መልእክት ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ ይጨምቀዋል፤ ስልኩም ዝግ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ ሙዚቀኛው የደከመበትን ሁሉ ያስተካክለዋል። ዋትሳፕ ከሆነ «ዶክመንት» በሚለው በኩል ላኩ።

ግሩፕ ውስጥ ትልቅ ፋይል ከመልቀቃችሁ በፊት አባላቱ በሞባይል ዳታ የፋይል በራሱ መውረድን እንዲያጠፉ ንገሩ፤ ቴሌግራም ላይ በሴቲንግ ውስጥ ዳታና ማከማቻ በሚለው ሥር ነው። አለዚያ የአንዳንዱ የቀን ጥቅል ሲምፎኒው ሳይከፈት ያልቃል። ከባድ ነገር የሚያወርድ ሰው የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጎ ቢያወርድ ይሻለዋል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ስልኩ በባትሪው ይጨርሰዋል።

በፍላሽ መስጠት እስካሁን ከሁሉ የሚታመነው መንገድ ነው፣ ግን ሦስት ነገር ይበላሽበታል። አንደኛ፣ ብዙ ርካሽ ስፒከሮችና የመኪና ቴፖች ኤምፒ3 እንጂ ፍላክ አያነቡም። ሁለተኛ፣ ፋይሎቹን በስማቸው ሳይሆን በተገለበጡበት ቅደም ተከተል የሚያጫውቱ አሉ፤ አራተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ቀድሞ ይጀምራል። ስማቸውን በ01፣ 02፣ 03 ጀምሩና ወደ ፍላሹ አንድ በአንድ በቅደም ተከተላቸው ገልብጡ። ሦስተኛ፣ የአማርኛ ፊደልን የማያውቅ መሣሪያ የፋይሉን ስም በሳጥን ይሞላዋል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይከፍተውም፤ ለፍላሽ ሲሆን ስሙን በላቲን ጻፉ። ፍላሹ በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኦፔራ በቪዲዮ ካልላካችሁ ይህ ብዙም አያጋጥማችሁም።

በክፍሎች መካከል የሚገባው ዝምታ

ለብቻው መታየት አለበት፤ ብዙ ሰው ቀረጻው የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ነውና። ከላይ የጠቀስነው የአምስተኛው ሲምፎኒ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ተያይዘው ነው የተጻፉት። ሲዲው ላይ ሁለት ትራክ ቢሆኑም በመካከላቸው ምንም ዝምታ የለም። ኤምፒ3 ግን ሲሠራ በፋይሉ መነሻና መጨረሻ ላይ ጥቂት ባዶ ድምፅ ይጨምራል፤ ማጫወቻውም አንዱን ዘግቶ ሌላውን እስኪከፍት ይዘገያል። ውጤቱ ኦርኬስትራው ሊፈነዳ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጸጥ ማለት ነው። የሜንደልሶን የቫዮሊን ኮንቼርቶ፣ የቤትሆቨን ስድስተኛ ሲምፎኒ የመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች፣ የሲቤሊየስ ሁለተኛ ሲምፎኒ መጨረሻና ኦፔራ ሁሉ እንዲሁ ይቆረጣሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። የምትልኩለት ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የሚሰማ ከሆነ እንደ ፉባር2000 ያለ፣ በትራኮች መካከል ክፍተት ሳይተው የሚያጫውት አፕ ይጫን። በስፒከር ወይም በመኪና የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ክፍሎቹን እናንተ አንድ አድርጋችሁ ላኩለት። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለቱንም ትራኮች ክፈቱ፣ የሁለተኛውን መነሻ ከአንደኛው መጨረሻ ጋር አጋጥሙ፣ መገናኛውን አጉልታችሁ ባዶው ቦታ መጥፋቱን እዩ፣ አምስት ሰከንድ ቀደም ብላችሁ አጫውታችሁ በጆሯችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ በ320 አውጡት። ከፍላክ ብትነሱ መጀመሪያውኑ የተጨመረ ባዶ ስለማይኖር ሥራው ግማሽ ይሆናል። የማቀላቀያ ምልክቱን (ሻፍል) እንዲያጠፋም ንገሩት፤ በዘፈን ልማድ በርቶ የሚቀር ነገር ነው።

በምን ይሰማ?

በስልኩ በራሱ ስፒከር ክላሲካል አይሰማም። የቼሎ የታችኛው አውታር 65 ኸርትዝ አካባቢ ነው፣ የኮንትራባስ 41፤ የስልክ ስፒከር እዚያ የሚወርድ ድምፅ የለውም። የአምስተኛው ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል በቼሎና በኮንትራባስ፣ ያውም በሹክሹክታ ስለሚጀምር፣ በስልክ የሚሰማው ሰው ሙዚቃው የቆመ ይመስለዋል፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይጨምራል፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሲገቡ ይደነግጣል። ርካሽ ቢሆንም ጆሮን የሚደፍን ኤርፎን ከውድ ስልክ ስፒከር ይበልጣል።

ሁለት ቅንብሮችን አጥፉ። አንዱ ባስ የሚጨምረው ነው፤ ኮንትራባሱን ሳይሆን ጉምጉምታውን ያበዛል። ሌላው ዩቲዩብ ላይ በቪዲዮው ቅንብር ምልክት ውስጥ ያለው ድምፅን የሚያረጋጋ አማራጭ ነው፤ ዝቅተኛውን ከፍ አድርጎ ከፍተኛውን ይጫናል። ለንግግር መልካም ነው፤ በክላሲካል ግን በሹክሹክታና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት የሙዚቃው ግማሽ ነው።

ከዚያ ቤቱ። የድሬ ትልቁ ጠላት ቬንትሌተር ነው። በሞቃቱ ወራት ከቀትር በኋላ ያለሱ መቀመጥ አይቻልም፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ዝግ ያለ ክፍል አይሰማም። ስለዚህ በቀን ፒያኖና ኦርጋን፣ ወይም ድምፁ ብዙ የማይወጣ የማይወርድ የባሮክ ኮንቼርቶ ስሙ፤ የማህለርና የብሩክነር ሲምፎኒዎችን፣ የኳርቴቶችንም ዝግ ያሉ ክፍሎች ለማታ አቆዩ። የከዚራ ሰፈር ጣሪያቸው ረጃጅም የሆኑ ቤቶች ወለላቸው ሊሾ ወይም ንጣፍ ስለሆነ ድምፅ ይመልሳሉ። ስፒከሩን ከግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቁ፣ ከፊቱ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ጥግ ላይ አታስቀምጡ። ሐረር ጁገል ውስጥ ያለ ጥንታዊ ቤት ደግሞ በተፈጥሮው የተመቸ ነው። የግድር ጋሩ (የዋናው ክፍል) ነደባዎች፣ ማለትም ከፍ ያሉት መቀመጫዎች፣ በምንጣፍና በትራስ ተሸፍነዋል፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌትም ድምፁን ይበትነዋል። የአራት መሣሪያ ኳርቴት ለመስማት ከዚህ የተሻለ ክፍል በሁለቱ ከተሞች ማግኘት ይከብዳል።

ተሰብስቦ መስማትና ማወዳደር

ቀረጻን ለማካፈል ከሁሉ የበለጠው መንገድ አንድን አጭር ክፍል በሁለት ቀረጻ ማሰማት ነው። ከአስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ ያለው ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሆነ፣ ሰውም ለበርጫም ሆነ ለቡና የሚሰበሰብበት ስለሆነ፣ ለዚህ ይመቻል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ጀምሩ፤ ሙቀጫውና ዝግ ያለ ክፍል አይስማሙም። አዛን ሲሰማ ማቆም የታወቀ ሥርዓት ስለሆነ ዕረፍቱ በክፍሎች መካከል እንዲውል ሰዓቱን ቀድማችሁ አስሉ።

ከ4 እስከ 8 ደቂቃ የሚሆን ክፍል ምረጡ። ከዚያ የሁለቱን ቀረጻዎች የድምፅ ከፍታ አስተካክሉ። ይህን ሳያደርጉ ማወዳደር ከንቱ ነው፤ ጆሮ በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ብሎ የተሰማውን የተሻለ ነው ይላልና። ሰዎቹ በሚቀመጡበት ቦታ ሆናችሁ ድምፅ የሚለካ አፕ ክፈቱ፣ የሁለቱንም አንድ ዓይነት ከፍተኛ ቦታ አጫውቱ፣ ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል እስኪያንስ ድረስ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጉ፣ የሁለቱን የድምፅ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ።

የተጫዋቾቹን ስም አትናገሩ። «አንደኛው»፣ «ሁለተኛው» ብቻ በሏቸው። ታዋቂ ስም ቀድሞ ከተነገረ ሰው የሚሰማው ስሙን ነው። ሁለቱንም ሳታቋርጡ አሰሙ፣ መጀመሪያ የተሰማውን ዳግመኛ መልሱት፣ ከዚያ ጠይቁ። «የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ መልስ አያመጣም። «ቫዮሊኑ የሚዘፍን የመሰላችሁ በየትኛው ነው? ትንፋሽ ያሳጠራችሁ የቱ ጋ ነው? ኦርኬስትራው ቅርብ ነው ሩቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ በመጨረሻ ይነገር። በአንድ ከሰዓት ከሁለት ድርሰት በላይ አታሰሙ፤ ሦስተኛው ላይ ጆሮ ይደክማል፣ ወሬውም ወደ ሌላ ይሄዳል።

የጥንት ቀረጻ ስታሰሙ ቀድማችሁ ተናገሩ። ፓብሎ ካሳልስ የባኽን የቼሎ ስዊቶች የቀረጸው ከ1936 እስከ 1939 በሸክላ ዘመን ነው፤ የሸክላው ጭረት አብሮ ይሰማል። ያልተነገረው ሰው ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል፣ የተነገረው ግን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጭረቱን ይረሳል። ድምፁ «ጸዳ» ተብሎ የሚቀርበውን ቅጂ ከሚገባው በላይ አትመኑት፤ ጭረቱን ሲያጠፉ የቼሎውን ደጋን ትንፋሽ አብረው የወሰዱት ብዙ ነው።

ለጀማሪ የሚላከው

ለክላሲካል አዲስ ለሆነ ሰው 90 ደቂቃ የሚፈጅ ሲምፎኒ አትላኩ። ከአገራችን መነሳት ትችላላችሁ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በ2006 በኢትዮጲክስ ተከታታይ ቁጥር 21 ሆነው ወጥተዋል፤ በቡልጋሪያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋም የራሱን ድርሰቶች ቀርጿል። ቅኝቱን የሚያውቅ ጆሮ እዚያ ቤቱን ያገኛል።

ከዚያ ወደ ድቮርዣክ ተሻገሩ። የዘጠነኛው ሲምፎኒው፣ ኦፐስ 95፣ ሁለተኛው ክፍል ላርጎ ይባላል፣ ወደ 12 ደቂቃ ነው። ከአጭር መግቢያ በኋላ ኮር አንግሌ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወተው ዜማ ሲነሳ በአምስት ድምፅ ብቻ ይሄዳል፤ እነዚያ አምስት ድምፆች የሜጀር ትዝታ ድምፆች ናቸው። ለአዲስ አድማጭ «የትዝታን ቅኝት ፈልግበት» ብላችሁ ላኩለት፤ የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ይሰማል። ቀጥሎ የሞዛርት የክላሪኔት ኮንቼርቶ፣ ኬ 622፣ ሁለተኛው ክፍል፣ ከዚያ የባኽ የመጀመሪያው የቼሎ ስዊት መግቢያ፣ ቢደብሊውቪ 1007፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ። ቤትሆቨን ከዚያ በኋላ ይምጣ።

መብቱ

ባኽ ከሞተ ከ270 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ድርሰቱ የማንም ነው። ቀረጻው ግን የተጫዋቾቹና የአሳታሚው መብት አለበት፤ በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፅ ቀረጻን ይጠብቃል። ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ቀረጻ ሲሆን ለግሩፕ ሊንኩን ላኩ እንጂ ፋይሉን አትበትኑ። ፋይል መበተን ከፈለጋችሁ ባለቤቶቹ ራሳቸው የፈቀዱት ሞልቷል። ፒያኒስቷ ኪሚኮ ኢሺዛካ ጎልድበርግ ቫሪየሽንስን በ2012፣ ከዚያም የባኽን ዌል ቴምፐርድ ክላቪየር የመጀመሪያ መጽሐፍ ማንም እንዲገለብጠው ሙሉ በሙሉ ነፃ አድርጋ ለቃለች። ጨዋታዋ ንጹሕ ነው፤ ነፃ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ጥሩ ስለሆነም ይላካል። ኖታውን እየተከተለ መስማት የሚፈልግ ደግሞ አይኤምኤስኤልፒ ከሚባለው የኖታ ቤተ መጻሕፍት የቆዩትን ኅትመቶች በነፃ ያወርዳል።

የላካችሁትን መልሶ ለማግኘት

ግሩፑ ከወራት በኋላ ማስታወሻ ያከማቻል፣ ፍለጋው የሚሰናከለውም በፊደል ነው። አንዱ «ሃይድን» ይላል፣ ሌላው «ሀይደን»፤ አንዱ «ባኽ»፣ ሌላው «ባህ»፣ ሌላው «ባክ»። ቴሌግራም እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም። የሃያ ደራሲያንን ስም አንድ ጊዜ ተስማምታችሁ ጻፉና ግሩፑ አናት ላይ ስኩ፤ እያንዳንዱ ማስታወሻ ሥር የደራሲው ስም በዚያው አጻጻፍ ከፊቱ የሃሽታግ ምልክት ይዞ ይግባ። ሁለተኛ ሃሽታግ ለመሣሪያው ይሁን፦ ፒያኖ፣ ቼሎ፣ ኳርቴት፣ ኦርኬስትራ። ከዚያ በላይ አታብዙ፣ የሚያስታውሰው አይኖርም።

አንድ አባል ስለዚያው ድርሰት ሌላ ቀረጻ ሲያመጣ አዲስ መልእክት አይክፈት፤ ለመጀመሪያው ማስታወሻ መልስ አድርጎ ይለጥፈው። የክላይበር 1974 ሥር የካራያን 1962፣ ከሱ ሥር ሌላ እየተደረደረ ሲሄድ፣ አዲስ የገባ አባል አንዱን ነክቶ የሁሉንም ዝርዝር ያገኛል። ማስታወሻ የጻፈ ሰው ስሕተቱ ከተነገረው መልእክቱን ራሱን ያርም እንጂ ከሥር «ይቅርታ፣ መሪው እገሌ ነው» ብሎ አይተው፤ ፈልጎ የሚመጣው ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።